ሙሉ ደቂቃ

መምህራችን አርፈዋል። የነርሲንግን ሙያ አስተምረው ያስመረቁን፣ ከምረቃ በኋላም ወዳጅ ሆነው የዘለቁ ሰው ነበሩ። ስለ ደግነታቸው በለቅሶው ሰሞን ብዙ ተብሏል፤ እውነትም ደግ ነበሩ። እዚህ መጻፍ የምፈልገው ግን ስለ ትምህርታቸው ነው፤ ደግነታቸውም ቢሆን የሚገኘው እዚያው ውስጥ ነውና። ለእያንዳንዱ ሥራ የሚጠይቀውን ጊዜ መስጠት፣ ከዚያም ላይ አለመቀነስ፤ ያስተማሩን ሁሉ ከዚህ የሚመዘዝ ነበር። ታካሚ በነርስ እጅ የሚጎዳው ነርሷ ሳታውቅ ቀርታ ብቻ አይደለም፤ እያወቀች ጊዜውን ስትቆርሰውም ነው ይሉ ነበር።

አዲስ ተማሪ የነርስ ሥራ መርፌ ከመውጋት የሚጀምር ይመስለዋል። እሳቸው የሚያስጀምሩት ትንፋሽ በማስቆጠር ነበር፤ ያውም ቀኑን ሙሉ። ሲያዩት ቀላል ነገር ነው። የታካሚው ክንድ ታጥፎ ደረቱ ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል። ሦስት ጣቶች በአውራ ጣቱ በኩል አንጓው ላይ ያርፉና መጀመሪያ የልብ ምት ይቆጠራል። ምቱ ተቆጥሮ ሲያልቅ ጣቶቹ አይነሱም። ዓይን ብቻ ወደ ደረት ይዞርና ትንፋሹ መቆጠር ይጀምራል፤ ታካሚው ግን አሁንም የልብ ምቱ እየተቆጠረ ነው የሚመስለው። እንዲህ የሚደረገው ትንፋሹ እየተቆጠረ መሆኑን ያወቀ ሰው ሳያስበው አተነፋፈሱን ስለሚቀይር ነው፤ ያን ጊዜ የሚገኘው ቁጥር የእሱ አይደለም። ክንዱ ደረቱ ላይ መሆኑ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ ብርድ ልብስ ለብሶ ቢሆን ወይም ትንፋሹ ስስ ሆኖ ለዓይን ቢያስቸግር፣ የደረቱ ከፍ ዝቅ በጣት ይሰማል። አንድ ከፍታና አንድ ዝቅታ አንድ ላይ አንድ ትንፋሽ ነው።

የሚቆጠረው 60 ሴኮንድ ሙሉ ነው። 15 ሴኮንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛትን አጥብቀው ይጠሉ ነበር፤ ለምን እንደሚጠሉትም ሰሌዳ ላይ ጽፈው ያሳያሉ። በ15 ሴኮንድ ውስጥ አንዲት ትንፋሽ ብታመልጥ ሲባዛ አራት ትሆናለች። 24 የነበረው 20 ተብሎ ይጻፋል። 24 ያሳስባል፤ 20 ግን ማንንም ከወንበሩ አያስነሳም። ከዚህ የባሰው ደግሞ የሚቆራረጥ አተነፋፈስ ነው። አንዳንድ የጠና ሕመም ላይ ትንፋሽ እየጠለቀ ይሄዳል፣ ከዚያ እየሳሳ ይመጣል፣ ከዚያም ለብዙ ሴኮንዶች ቀጥ ይላል፤ ደግሞ እንደገና ይነሳል። ያቺ 15 ሴኮንድ ጥልቁ ላይ ካረፈች ሰውየው ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ይመስላል፤ ዝምታው ላይ ካረፈች ደግሞ ትንፋሹ ያለቀ። ዑደቱ የሚገለጠው ደቂቃውን ጠብቆ ለቆየ ሰው ነው።

ጤነኛ አዋቂ በዕረፍት ላይ ሳለ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። አዲስ የተወለደ ሕፃን ከ30 እስከ 60። ሕፃኑ መሀል መሀል ላይ ለጥቂት ሴኮንድ ቆም ማለት ልማዱ ስለሆነ እሱን አሳጥሮ መቁጠር ጭራሽ አይታሰብም። መምህራችን ቻርት (የታካሚውን መከታተያ ቅጽ) ሲቀበሉ መጀመሪያ የሚያዩት የትንፋሹን መስመር ነበር። በዋርዱ (በመኝታ ክፍሉ) የተኙት ሁሉ ሌሊቱን 20፣ 20፣ 20 ተብሎ ከተጻፈላቸው ማንም አልቆጠረም ማለት ነው። ይህን የሚናገሩት ሳይቆጡ፣ ግን ፊታቸው ጠቆር ብሎ ነበር፤ ምክንያቱም ሰውነት ኦክስጅን ሲያንሰው፣ ደም ሲፈስሰው፣ ኢንፌክሽን ደሙ ውስጥ ሲገባ ቀድሞ ከሚያሰማቸው ጩኸቶች አንዱ ይህ ቁጥር ነው። የደም ግፊት የሚወርደው ሰውነት ማካካስ ሲያቅተው፣ ዘግይቶ ነው። ግፊቱ 120 በ80 ሆኖ ትንፋሹ 28 የደረሰ ሰው ደህና አይደለም። 25 ከደረሰ ሌላው ሁሉ ደህና ቢመስልም ሐኪም ይጠራል።

እጅ መታጠብን ያስተማሩበትን መንገድ የተማረ ሁሉ ያስታውሰዋል። ተማሪው ጓንት ያጠልቃል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ መዳፉ ላይ በሳሙና ፋንታ ቀለም ይፈስለታል። እንደወትሮው እጁን ያሻል። ዓይኑን ሲገልጥ ቀለሙ ያልደረሰበት ቦታ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ የአውራ ጣት ጀርባ፣ የጣቶች ጫፍ፣ የጣቶች መሀል። ተማሪ ቢቀያየር እነዚያው ቦታዎች ናቸው። ታካሚውን አብዝተው የሚነኩትም እነዚሁ የጣት ጫፎችና አውራ ጣት ናቸው። ከዚያ በኋላ ነበር ቅደም ተከተሉን የሚያስይዙት፤ መዳፍ በመዳፍ፣ መዳፍ በእጅ ጀርባ ላይ ጣት በጣት መሀል ገብቶ፣ ጣቶች ተቆላልፈው፣ አውራ ጣት በሌላው እጅ ተጨብጦ እየተሽከረከረ፣ በመጨረሻ የጣት ጫፎች መዳፍ ላይ እየዞሩ። በሳሙናና በውሃ ሲሆን ማለቅለቁንና ማድረቁን ጨምሮ ከ40 እስከ 60 ሴኮንድ፣ በአልኮል ሲሆን ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ ይፈጃል። ቧንቧው የሚዘጋው እጅ በተደረቀበት ወረቀት ነው፤ በቆሸሸ እጅ የተከፈተውን በታጠበ እጅ መልሶ መንካት ድካሙን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል።

አልኮሉም የራሱ ሕግ አለው። እርጥብ እጅ ላይ ከተደረገ ይቀጥናል። በጨርቅ ከተጠረገ ወይም በማራገብ ከተቻኮለ ሥራውን ሳይጨርስ ይጠፋል፤ እያሹት ራሱ መድረቅ አለበት። ደም ወይም ሌላ የሚታይ ቆሻሻ ላለበት እጅ አይሆንም። ከባድ ተቅማጥ የሚያስከትሉ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ደግሞ አልኮል የማይበግረው ጠንካራ ስፖር (በሽፋን የታሸገ የባክቴሪያ ዘር) ስለሚፈጥሩ፣ እንዲህ ዓይነት ታካሚ ነክቶ የሚወጣ ሰው የግድ በሳሙናና በውሃ ይታጠባል። ጓንት ምትክ አይደለም፤ ለዓይን የማይታይ ቀዳዳ ሊኖረው ይችላል፣ ሲወልቅም እጅን ይበክላል። ሐኪሙን ኢግናዝ ሰመልቫይስን ያነሱ የነበረው እዚህ ላይ ነው። በ1847 እ.ኤ.አ. ቪየና በሚገኘው የማዋለጃ ክፍሉ፣ ሐኪሞቹ አስከሬን ከመረመሩ በኋላ እጃቸውን በክሎሪን ውህድ እንዲታጠቡ አደረገ። በኤፕሪል ከሚወልዱት እናቶች 18 በመቶ ያህሉ ይሞቱ ነበር፤ በጁን ቁጥሩ ወደ 2 በመቶ ወረደ። ጀርም በሽታ እንደሚያመጣ ያኔ ገና በሳይንስ አልተረጋገጠም ነበር፤ የተለወጠው እጅ ብቻ ነው።

የደም ግፊት ላይ ጊዜው የሚያስፈልገው ካፉ (ክንድ ላይ የሚታሰረው፣ በአየር የሚሞላው መጠቅለያ) ከመጠምጠሙ በፊት ነው። ታካሚው ጀርባው ተደግፎ፣ እግሮቹ ሳይነባበሩ መሬት ረግጠው፣ ክንዱ በልቡ ቁመት ልክ ተደግፎ፣ ሳያወራ 5 ደቂቃ ይቀመጣል። ሽንቱ ከመጣ ሸንቶ ይመለሳል። እነዚህን መዝለል ግፊቱን ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ ክንዱ ሳይደገፍ ከልብ በታች ቢንጠለጠል ደግሞ በየ10 ሴንቲሜትሩ ወደ 8 ሚሊሜትር ሜርኩሪ (ግፊት የሚለካበት አሃድ) የሚጠጋ ይጨመርበታል፤ ከልብ እስከ ክንድ ያለው የደም ዓምድ ክብደት ነው። በካፉ ውስጥ ያለው አየር የሚሞላው ከረጢት ርዝመቱ የክንዱን ዙሪያ 80 በመቶ፣ ስፋቱ 40 በመቶ መሸፈን አለበት። ለወፍራም ክንድ ትንሽ ካፍ ከተጠቀሙ የሌለ የደም ግፊት በሽታ ይገኛል፤ ሰውየው ለዕድሜ ልክ መድኃኒት ሊጀመርለት ይችላል።

በማዳመጫ ሲለካ መጀመሪያ በጣት ነው። አንጓ ላይ ትርታው እየተዳሰሰ ካፉ ይነፋል፤ ትርታው የጠፋበት ቁጥር ይያዛል። ከዚያ አየሩ ይለቀቅና ጥቂት ተጠብቆ፣ ከዚያ ቁጥር 30 ከፍ እስኪል እንደገና ይነፋል። ለምን? በአንዳንድ ሰዎች፣ በተለይ ግፊታቸው ከፍ ባለው ላይ፣ አየሩ ሲለቀቅ በማዳመጫው የሚሰማው የምት ድምፅ ከጀመረ በኋላ መሀል ላይ ይጠፋና ዝቅ ብሎ ይመለሳል። በግምት ነፍቶ ዝምታው ውስጥ የገባ ሰው 190 የሆነውን 150 ብሎ ይጽፋል። አየሩ ሲለቀቅ በሴኮንድ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ነው። የዚህን ምክንያት የሚያስረዱት በሒሳብ ነበር። ልቡ በደቂቃ 60 ጊዜ የሚመታ ሰው በሴኮንድ አንድ ድምፅ ብቻ ይሰጣል። የመለኪያው ቀስት በሴኮንድ 10 ከወረደ የመጀመሪያው ድምፅ በተሰማበትና እውነተኛው ግፊት መካከል እስከ 10 የሚደርስ ስህተት ይገባል። በእጅ የሚሠራው መለኪያ በ2 በ2 የተከፋፈለ ስለሆነ 117 የሚል ቁጥር ቻርት ላይ ካዩ ከየት እንደመጣ ይጠይቁ ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን የሚታወቁት በመኝታ ቁስል ነው። ቁስል የሌለበት ዋርድ ኩራታቸው ነበር። ቆዳ በአጥንትና በፍራሽ መሀል ሲጨፈለቅ ደም ያጣል፤ ደም ያጣ ሥጋ በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል። በጀርባ ለተኛ ሰው የሚያሰጋው የወገብ መጨረሻና የመቀመጫው መሀል ያለው አጥንት፣ ተረከዝ፣ ክርን፣ የራስ ቅል ኋላ ነው፤ በጎኑ ለተኛ የዳሌው ጉብታ፣ ቁርጭምጭሚት፣ ጆሮ። ጆሮን ተማሪ ሁሉ ይረሳል። የኦክስጅን ቱቦ ከጆሮ ጀርባ የሚቆርጠውን ቆዳ ለማየት ቱቦውን ማንሳት ያስፈልጋል።

መቅላት የታየበት ቦታ በጣት ለ3 ሴኮንድ ይጫናል፣ ከዚያ ይለቀቃል። ጣቱ ሲነሳ ቦታው ነጣ ብሎ መልሶ ከቀላ ደሙ ገና ይዘዋወራል፤ ጫናው ከተነሳለት ይድናል። ሲነሳም እንደቀላ ከቀረ ግን ጉዳቱ ተጀምሯል፤ ቆዳው ባይላጥም ይህ የመጀመሪያው ደረጃ ነው። መጻሕፍቱ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማሉ። መምህራችን አያቆሙም ነበር፤ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ መቅላትም መንጣትም ላይታይ ይችላልና። እዚያ ላይ የሚጠየቀው እጅ ነው። ቦታው ከአጠገቡ ካለው ቆዳ ይልቅ ይሞቃል ወይስ ይቀዘቅዛል? ጠጥሯል ወይስ ቦክቧል? ሲነካ ያማል? ወደ ወይን ጠጅ ያዘነበለ ቀለም ይታያል? ከተቻለ በቀን ብርሃን፣ ሁልጊዜም ከጤነኛው ጎን ጋር እያነጻጸሩ። ይህን ባለማወቅ ብቻ ጠቆር ያለ ቆዳ ያላቸው ታካሚዎች ቁስላቸው የሚታወቀው ከፈነዳ በኋላ ነው፤ ይህን ሲያስተምሩ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር።

የቀላውን ቦታ ማሸት አይፈቀድም። ድሮ ይደረግ ነበር፤ ግን የተጎዱትን ጥቃቅን የደም ሥሮች ይበልጥ ይበጣጥሳቸዋል። ቀለበት ያለው ትራስም ቀርቷል፤ መሀሉን ያድናል ተብሎ ዙሪያውን ደም ይነሳዋል። የሚሠራው ማገላበጥ ነው። ራሱን ማንቀሳቀስ ለማይችል ሰው የተለመደው በየ2 ሰዓቱ ነው፤ ቆዳው ከዚያ በፊት ከቀላ ጊዜው ያጥራል። ሙሉ በሙሉ በጎን ማስተኛት የዳሌውን አጥንት ስለሚጭን ከጀርባው ትራስ ገብቶ ወደ 30 ዲግሪ ብቻ ጋደል ይደረጋል። በጉልበቶቹ መሀል ትራስ ይገባል። ተረከዙ ጭራሽ ፍራሽ እንዳይነካ ትራሱ ከባቱ ሥር በርዝመቱ ይደረጋል፣ ጉልበቱ ትንሽ ታጥፎ፤ ተረከዙ ሥር እጅ ሲገባ በነፃ ማለፍ አለበት። የራስጌው ከ30 ዲግሪ በላይ ከተነሳ ሰውነት ወደ ታች ይንሸራተታል፤ ቆዳው አንሶላው ላይ ተጣብቆ ሲቀር አጥንቱ ይወርድና በመሀል ያሉት የደም ሥሮች ይጎተታሉ። ስለዚህ ለምግብ ወይም ለትንፋሽ ካላስፈለገ ከፍ አይደረግም። ወደ ላይ የሚሳበውም ሁለት ሰው ሆኖ በአንሶላ አንስቶ ነው። የጎተተ ሰው ቆዳውን አብሮ ይጎትታል።

የማገላበጫ ቅጹ ላይ «ተገላብጧል» ብሎ መጻፍ ለእሳቸው አለመጻፍ ነበር። በየት ጎን? ጎኑ ካልተጻፈ ተረኛዋ ስትቀየር ያ ሰው እንደገና እዚያው ጎን ላይ ይተኛል፤ ቅጹ ሙሉ ሆኖ 4 ሰዓት በአንድ ጎን ያድራል። ከተገላበጠ በኋላም እጅ ከሥሩ ገብቶ ይፈተሻል። የካኑላ (የደም ሥር መርፌ ቱቦ) ክዳን፣ የታጠፈ የካቴተር (የሽንት) ቱቦ፣ የተረሳ ቴርሞሜትር ከሰው ሥር አይጠፋም።

መርፌን ቶሎ ነበር የሚያልፉት፤ ተማሪው ራሱ ይጓጓለታልና። ቆዳው በአልኮል ከተጠረገ እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ እርጥቡ አልኮል ከመርፌው ጋር ሲገባ ያቃጥላል፣ ጀርሙንም ለመግደል ጊዜ አላገኘም። ጡንቻ ውስጥ ሲሆን አንድ ሚሊሊትር በ10 ሴኮንድ ይገባል፤ ካለቀ በኋላም 10 ሴኮንድ ተቆይቶ ነው የሚወጣው፣ ካልሆነ መድኃኒቱ በመጣበት ይመለሳል። ለአዋቂ የመቀመጫውን ጀርባ ሳይሆን የዳሌውን ጎን ይመርጡ ነበር፤ ትልቁ የእግር ነርቭ ከዚያ ይርቃል። ቦታው የሚገኘው መዳፍን የጭኑ አጥንት ጉብታ ላይ አሳርፎ፣ ሌባ ጣትን ወደ ፊተኛው የዳሌ አጥንት ጫፍ፣ መሀል ጣትን ወደ ኋላ ከፍቶ ነው፤ በሁለቱ ጣቶች መሀል ይወጋል። የተወጋበት መርፌ ክዳኑ አይመለስም፤ በቀጥታ ወደ ሴፍቲ ቦክስ (ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሳጥን) ይገባል፤ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ቦክሱ ይታሸጋል።

ድሪፕ (በደም ሥር በጠብታ የሚሰጥ ፈሳሽ) ላይ ግን ይቆዩ ነበር። 1000 ሚሊሊትር በ8 ሰዓት እንዲገባ ከታዘዘ፣ ሴቱ (ፈሳሹን በጠብታ የሚያወርደው ቱቦ) በሚሊሊትር 20 ጠብታ የሚሰጥ ከሆነ፣ 1000 በ20 ተባዝቶ ለ480 ደቂቃ ይካፈላል፤ 42 ጠብታ በደቂቃ ይመጣል። ሒሳቡን ሁሉም ይሠራዋል። የሚሳሳቱት የሴቱን ማሸጊያ ሳያነቡ ነው። በሚሊሊትር 60 ጠብታ የሚሰጠው ቀጭኑ ሴት ሆኖ ሳለ 42 ላይ ቢተው በሰዓት የሚገባው 125 ሳይሆን 42 ሚሊሊትር ብቻ ነው። የተገላቢጦሹ ደግሞ ይገድላል። ለቀጭኑ ሴት የተሠላው 125 ጠብታ በ20ው ሴት ከወረደ በሰዓት 375 ሚሊሊትር ይገባል፤ ልቡ የደከመ ሰው ወይም ትንሽ ሕፃን ሳንባው በውሃ ይሞላል። ጠብታውም የሚቆጠረው ሙሉ ደቂቃ ነው፤ ታካሚው ክንዱን ሲያጥፍ ወይም ሲነሳ ስለሚለወጥ እንደገና ይቆጠራል። ከረጢቱ ላይ ፕላስተር ለጥፈው በየሰዓቱ የሚደርስበትን መስመር ከነሰዓቱ ማስመርን ያስለመዱት እሳቸው ናቸው። ከሩቅ ለሚያልፍ ሰው ዓይን እንኳ ይበቃል።

አንድን ሥራ ሲያሳዩ አራት ጊዜ ያሳያሉ። መጀመሪያ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ፣ ዋርድ ውስጥ በሚሠራበት ፍጥነት። ተማሪው ሙሉውን ምስል በዓይኑ ይይዛል። ቀጥሎ ቀስ ብለው፣ እያንዳንዱን እርምጃ ከነምክንያቱ እየተናገሩ። ሦስተኛው ላይ ተናጋሪው ተማሪው ነው፤ የሚሠሩት ግን እሳቸው ናቸው፣ ያልታዘዙትንም አያደርጉም። ጓንት ያድርጉ ካልተባሉ በባዶ እጃቸው ካቴተሩን ያነሳሉ፤ ማኒኪኑ (የመለማመጃው አሻንጉሊት) ላይ ነውና ጉዳት የለውም፤ ተማሪው ግን ምን እንደዘለለ በራሱ ዓይን ያያል። በመጨረሻ ተማሪው እየተናገረ ራሱ ይሠራል። ብዙ ቦታ ጊዜ ለመቆጠብ የሚዘለለው ያ ሦስተኛው ነው፤ እሳቸው ደግሞ ከሁሉ የሚሳሱለት እሱን ነበር። እጅ ሳይገባውም ይኮርጃል፤ የገባውና ያልገባው የሚለየው በአፍ ሲነገር ነው።

ታካሚ ፊት ተማሪ ገሥጸው አያውቁም። አስቀድሞ የተስማሙበት ምልክት ነበራቸው፤ የትሪውን ጠርዝ በጣታቸው መንካት። ትሪው ከተነካ ቁም፣ ያለፈውን አስብ ማለት ነው። እጅ የሚይዙት ታካሚው ሊጎዳ ሲል ብቻ ነበር። ሲወጡም ቀድሞ የሚናገረው ተማሪው ነው፤ ምን እንደቀናው፣ ምን እንዳስቸገረው፣ ቢደግመው ምን እንደሚለውጥ። አብዛኛውን ስህተት ተማሪው ራሱ ስለሚያገኘው ለእሳቸው የሚቀረው ትንሽ ነበር። የተዋረደ ተማሪ በሚቀጥለው ጊዜ ስህተቱን ይደብቃል፤ የተደበቀ የመድኃኒት ስህተት ደግሞ ታካሚ ይገድላል። ለዚህ ነበር የሚጠነቀቁት።

ከምረቃ በኋላ ስልካቸው አይዘጋም ነበር። ተረኛ ሆኖ ግራ ገብቶት ለሚደውል ሁሉ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ትንፋሹ ስንት ነው የሚል ነው። ቁጥሩ ተድበስብሶ ከመጣ ስልኩን ሳይዘጉ ሄደህ ቁጠርና ና ይላሉ፤ ደቂቃዋን እዚያው መስመር ላይ ይጠብቃሉ። ከዚያ ለሐኪሙ የሚነገረውን ያስተካክላሉ፤ ማን ነው፣ ምን ሆነ፣ በምን ሕመም ተኝቷል፣ አሁን ቁጥሮቹ ምን ይላሉ፣ ምን ትፈልጋለህ። የመጨረሻዋን ማስቀረት አይቻልም። «ደህና አይመስልም» ብሎ የዘጋ ነርስ ሐኪሙን አላስነሳም፤ «አሁን መጥተው እንዲያዩት እፈልጋለሁ» ያለ ግን አስነስቷል። የመጀመሪያ ታካሚው የሞተበት ሰው ሲደውል ደግሞ አይመክሩም። ውሃ ጠጣ፣ ተቀመጥ፣ ሳይረሳህ መዝገቡን ጻፍ ይላሉ፤ ከዚያ ዝም ብለው ይሰማሉ።

የሟችን ገላ መንከባከብ የሚያስተምሩት መጨረሻ ላይ ሳይሆን በጊዜ ነበር፤ የመጀመሪያው ሞት የትምህርት ፕሮግራም አይጠብቅም። ሞቱ በሚመለከተው ባለሙያ ተረጋግጦ ሰዓቱ ሲመዘገብ፣ ከመንካት በፊት ቤተሰብ ይጠየቃል፤ እምነታቸው የሚከለክለው አለ ወይ፣ አብረው መሆን ይፈልጋሉ ወይ። ሞቱ በሕግ የሚመረመር ከሆነ ቱቦም አይነቀልም፣ ገላም አይታጠብም። ካልሆነ ሥራው ሁለት ሰው ሆኖ፣ ጓንትና ሽርጥ ተደርጎ ይጀመራል። ሰውነት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ከመንጋጋና ከዓይን ቆብ ጀምሮ መድረቅ ስለሚጀምር ከዚያ በፊት ቀጥ ብሎ ይተኛል፣ ክንዶቹ በጎኑ ይዘረጋሉ፣ አፉ ይጸዳል፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ካለው ይመለስለታል። አገጩ በተጠቀለለ ፎጣ ከሥር ይደገፋል፤ በጨርቅ ጠብቆ ከታሰረ ምልክቱ ፊት ላይ ይቀራል። ሲገለበጥ በሳንባው የቀረው አየር ወጥቶ እንደ ትንፋሽ ሊሰማ እንደሚችል አስቀድመው ያስጠነቅቁ ነበር፤ ያልተነገረው ተማሪ ይደነግጣል። ፊኛው የያዘው ስለሚወጣ ከሥር ፓድ ይደረጋል። ፕላስተር ቀስ ተብሎ ይላጣል፤ የሞተ ቆዳ አይድንም። ከራሱ ሥር አንድ ትራስ ይተዋል፤ ከተነሳ ደም ወደ ፊት ይወርድና ፊቱን ያጠቁረዋል፣ ቤተሰቡም የሚያውቁትን ፊት ያጡታል። መለያው እጅና እግር ላይ ይታሰራል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰውየው በስሙ እየተጠራ ነው፤ አሁን ወደ ግራ እናዞርዎታለን፣ አሁን ፊትዎን እናጥባለን እየተባለ፣ በሕይወት ሳለ ይነገረው እንደነበረው።

ከሁሉ የሚቀድመውን መጨረሻ ላይ አቆየሁት፤ ዓይን መክደን ነው። የዓይን ቆቡ በጣት ጫፍ ወደ ታች ይመጣና ሳይጫኑት፣ በስሱ ለ30 ሴኮንድ ይያዛል። ቶሎ የተለቀቀ ቆብ ተመልሶ ይገለጣል፤ ብዙ ጊዜም የሚገለጠው ቤተሰብ ሲገባ ነው። አልይዝ ካለ በውሃ የራሰ ስስ የቁስል ጨርቅ ለጥቂት ጊዜ ይደረግበታል።

የመምህራችንን ዓይን የከደነችው ድሮ ያስተማሯት ነርስ ናት። መጀመሪያ ሰዓቷን አየች።